መጽሐፍ ሰብሳቢው ኢያን ፍሌሚንግ

ጄምስ ቦንድ የተባለውን ሰላይ በመጽሐፍ ያላነበበ በሲኒማ ቤት ሳያየው አይቀርም። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ ግን አንድም ልብ ወለድ ሳይጽፍ ገና መጽሐፍ ሰብሳቢ እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለ ሕይወቱ ላወጋችሁ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ፍሌሚንግ በ1908 ሎንዶን ውስጥ ከሀብታም ቤተ ሰብ ተወለደ። የፓርላማ አባል የነበረው አባቱ በ1917 በፈረንሳይ የጦር ግንባር ሲሞት ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ወጣትነቱ የሚያስቀና አይደለም። ከሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ማዕርግ ሳያገኝ ወጣ፤ በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ፈተና ተፈትኖ ሳይገባ ቀረ። ለሮይተር የዜና ድርጅት ሠርቶ በ1933 እንግሊዛውያን መሐንዲሶች የተከሰሱበትን የሞስኮ ችሎት ዘገበ፤ ቀጥሎም ገንዘብ ፍለጋ ወደ ባንክና ወደ አክሲዮን ድለላ ዞረ። በፈተና ለወደቀ ተማሪ መጽናኛ የሚሆን ታሪክ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ብነግራቸው የቤተ ሰቡን ሀብት አትርሳ አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመረው በዚሁ በድለላው ዘመን ነው። በ1935 ፐርሲ ሙር ለተባለው መጽሐፍ ነጋዴ ወዳጁ 250 ፓውንድ ሰጥቶ ግዛልኝ አለው። ትእዛዙ እንግዳ ነበር። ሌሎች ሰብሳቢዎች የታወቁ ባለቅኔዎችንና ደራስያንን የመጀመሪያ እትም ሲሻሙ፥ እርሱ የፈለገው ከ1800 ወዲህ አንድ አዲስ ነገር ያስጀመሩትን መጻሕፍት ነበር። የዳርዊን የዝርያዎች አመጣጥ፥ የማርክስና የኤንግልስ የኮሙኒስት ማኒፌስቶ፥ የስካውት ማኅበር የተነሣበት መጽሐፍ ሳይቀር ተገዛለት። እያንዳንዱንም ለየብቻው በጥቁር ሣጥን አስቀመጠው። በ1963 ስለ ኅትመት ታሪክ በሎንዶን በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ከግለሰቦች ሁሉ ብዙ ያዋሰ እርሱ ነበር፤ 44 መጻሕፍት።

በጦርነቱ ጊዜ ለባሕር ኃይሉ የስለላ ሹም ለአድሚራል ጎድፍሬይ ረዳት ሆኖ ሠራ። የስለላን ቢሮ የተማረው እዚያ ነው።

በ1952 በጃማይካ ቤቱ ተቀምጦ ካሲኖ ሮያልን ጻፈ። የሰላዩን ስም የወሰደው ስለ ካሪቢያን ወፎች ከጻፈ አንድ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። መጽሐፉ በ1953 በጠንካራ ልባስ በ4,728 ቅጂ ታተመ፤ ዋጋው 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ተማሪና ወዛደር ሊገዛው የቻለው ግን በ1955 ፓን የተባለው አሳታሚ በወረቀት ሽፋን በ2 ሺሊንግ ባወጣው ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ የታተመው ርካሽ እትም ደግሞ ርእሱን ሳይቀር ለውጦት፥ የፈለግኸውን አገኘህ እንደ ማለት ያለ ስም ሰጠው።

እነዚህ ቀጫጭን መጻሕፍት በባቡር ተነበው እንዲጣሉ የተሠሩ ናቸው። ወረቀታቸው ከተራ የእንጨት ዱቄት ስለ ሆነ ይቢጫል፤ ሙጫው ይደርቅና ጀርባቸው ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ስለ ጣላቸው ንጹሑ ቅጂ ብርቅ ሆነ፤ ዛሬ የሚፈልጓቸው ሰብሳቢዎች ሞልተዋል። እኔን ደስ የሚለኝ የ1963ቱ ተንደርቦል ነው። ሬይመንድ ሆኪ የተባለው ሠዓሊ ሽፋኑን ጥይት የመታው አስመስሎ ሁለት እውነተኛ ቀዳዳ አስበሳበት። ይህ የወረቀት ቀዳዳ በቀላሉ ስለሚቀደድ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው ጠርዙን ነው።

ፍሌሚንግ በነሐሴ 1964 በ56 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። በ1970 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሊሊ ቤተ መጻሕፍት ስብስቡን ገዛ። እርሱ እንደ ጨዋታ ይቆጥራቸው የነበሩት የቦንድ ታሪኮች የታይፕ ጽሑፎችም ከዳርዊንና ከማርክስ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይገኛሉ።