አንድ ፔኒ በማይል፦ ለድሃ ተሳፋሪ ጣሪያ ያስገደደው ግላድስተን

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲሴምበር 24 ቀን 1841፣ ገና ሳይነጋ፣ አንድ የጭነት ባቡር ከለንደን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ከጎታቹ ቀጥሎ፣ ከዕቃ ፉርጎዎቹ ፊት፣ ሁለት ክፍት ፉርጎዎች ተቀጥለዋል። ጣሪያ የላቸውም፤ ጎናቸውም አጭር ነው። ዕቃ የጫኑ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ነው የጫኑት። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ለገና በዓል ወደየቤታቸው የሚሄዱ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ። ሶኒንግ የሚባል ቦታ፣ ኮረብታ ተቆርጦ ሐዲዱ በመሐል የሚያልፍበት ላይ ሲደርሱ፣ በዝናብ የተናደ አፈር መንገዱን ዘግቶታል። ጎታቹ አፈሩ ውስጥ ገባ። ከኋላ ያለው የዕቃ ክብደት በሙሉ ሰዎቹ ላይ ተጫነ፤ ከፉርጎው እየተወረወሩ ወደቁ። ስምንቱ እዚያው ሞቱ፤ አንዱ በኋላ ሕይወቱ አለፈ።

እነዚህ ጠራቢዎች ሲሠሩ የከረሙት የት ነበር መሰላችሁ? የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ ላይ። አሮጌው በ1834 ተቃጥሎ ስለነበር አዲሱ እየተገነባ ነበር። ሕግ የሚወጣበትን ቤት የሚገነቡት ሰዎች ሕግ በማይጠብቃቸው ፉርጎ ላይ ሞቱ ማለት ነው። አስከሬን የመረመሩት የአካባቢው ዳኞች በጥንቱ ልማድ መሠረት ቅጣቱን የጣሉት በገዳዩ ዕቃ ላይ ነው፤ ባቡሩ ራሱ 1,000 ፓውንድ ተፈረደበት።

በዚያን ጊዜ የባቡር ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንግድ ቦርድ ይባል ነበር፤ በዛሬ አጠራር ንግድ ሚኒስቴር እንበለው። የቦርዱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተሾመ ገና ወራት የሆነው አንድ የ31 ዓመት ወጣት ነበር። ዊልያም ኢዋርት ግላድስተን ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በኋላ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር በመሆኑ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው በዋናነት ከዚያ በፊት ስለሠራው፣ ብዙም ስለማይነገርለት ሥራ ነው።

ግላድስተን የተወለደው ዲሴምበር 29 ቀን 1809 ሊቨርፑል ውስጥ ነው። ድህነትን በቤቱ አያውቀውም። አባቱ ጆን ግላድስተን ከስኮትላንድ መጥቶ በንግድ የከበረ ሰው ነው። ሀብቱ ግን ከየት መጣ የሚለውን መዝለል አንችልም። ዴሜራራ በሚባለው፣ ዛሬ ጉያና በምንለው አገር፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚሠሩበት የሸንኮራ እርሻ ነበረው። እንግሊዝ ባርነትን በሕግ ስታስቀር ካሳ የከፈለችው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቹ ነው፤ ጆን ግላድስተንም ከ2,500 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ከ100,000 ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ልጁ ከኢተን ትምህርት ቤትና ከኦክስፎርድ ወጥቶ በ1832 መጨረሻ፣ ገና 23 ዓመት ሳይሞላው፣ ፓርላማ ገባ። በ1833 ባደረገው የመጀመሪያ ትልቅ ንግግሩም አባቱን ከክስ ለመከላከል ተነሣ። በ2023 የቤተሰቡ ዘሮች ጉያና ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። እንግዲህ ስለ ድሃ ተሳፋሪ የተከራከረው ሰው ያደገው በዚህ ገንዘብ ነው።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። የግላድስተን የትውልድ ከተማ የባቡር ዘመን የተጀመረባት ናት ማለት ይቻላል። የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር በሴፕቴምበር 1830 ሲመረቅ፣ ለዚያው መስመር ፓርላማ ውስጥ የተከራከረው የሊቨርፑል እንደራሴ ዊልያም ሃስኪሰን በምርቃቱ ዕለት ባቡር ገጭቶት ሞተ። አደጋው ግን ሥራውን አላቆመውም። በ1844 ከ2,000 ማይል በላይ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ ሁሉም የግል ኩባንያ ንብረት። አንድ ኩባንያ መስመር ለመዘርጋት የፓርላማ አዋጅ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የሰው መሬት ሊያልፍ ነው። አዋጁን ካገኘ በኋላ ግን በዚያ መስመር ብቸኛ ጌታ ነው። ታሪፉን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን ላይ እንደሚቀመጥ እሱ ይወስናል።

ሀብታሙ በመስታወትና በለስላሳ ወንበር ይሄዳል። ለድሃው ግን ኩባንያዎቹ ሆን ብለው ነበር ጉዞውን መከራ የሚያደርጉት። ሦስተኛ ማዕረግ ምቹ ከሆነማ ሁለተኛ ማዕረግ የሚከፍለው ሰው ወርዶ እዚያ ይሳፈራል የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ስለዚህ ዝናብም፣ ብርድም፣ ከጎታቹ የሚወጣው ፍምና ጭስም ለድሃው ቀረ። አንዳንድ መስመር ላይ ጭራሽ ሦስተኛ ማዕረግ የለም፤ ካለም ከከሰልና ከከብት ጋር ነው። በክረምት በጣሪያ አልባ አይሱዙ ጀርባ ላይ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ካለ ነገሩ ይገባዋል።

ግላድስተን ሥራውን የጀመረው በንባብ ነው። ቁጥር የሚወድ፣ ሪፖርት እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብ ዓይነት ሰው ነበር። በ1842 የወጣው ሕግ የመንግሥት መርማሪ ለሕዝብ አደገኛ ነው ያለው አዲስ መስመር እንዳይከፈት ማዘግየት አስቻለ። በ1843 ግላድስተን በ33 ዓመቱ የቦርዱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ካቢኔ ገባ። በ1844 መጀመሪያ ላይ ባቡርን የሚመረምር ልዩ ኮሚቴ በፓርላማ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሱ ነበር። ምስክሮችን ጠራ፣ የኩባንያ ሰዎችን ጠየቀ፣ ሪፖርት በሪፖርት ላይ አወጣ። ከዚያም ረቂቅ ሕግ ይዞ መጣ።

ረቂቁ ቀልድ አልነበረም። ግላድስተን የገበያ ውድድር የሚወድ ፖለቲከኛ ነው። ስለ ባቡር ግን አቋሙ ሌላ ነበር፦ ሐዲድ እንደ ሱቅ አይደለም፤ በሁለት ከተሞች መሐል አምስት ሐዲድ ተዘርግቶ ሕዝቡ እያማረጠ አይሄድም። ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ቢኖሩም ውሎ አድሮ ተስማምተው ዋጋ ይጨምራሉ ብሎ ያምን ነበር። እንዲያውም የባቡር ዳይሬክተር ስለ ውድድር ጥቅም ሲያወራ ከማመን ዓመፀኛ ስለ ዓመፅ ሲያወራ ማመን ይሻለኛል የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አድርጓል። ስለዚህ መንግሥት ትርፋቸው ከልክ ያለፈ ኩባንያዎችን ታሪፍ እንዲያሻሽል፣ ካስፈለገም ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ መስመሩን ራሱ እንዲገዛ ሥልጣን ይሰጠው አለ። በ1844፣ ያውም ከወግ አጥባቂ መንግሥት ሚኒስትር አፍ!

ኩባንያዎቹ ተነሡ። ዳይሬክተሮች ተሰብስበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ዘንድ ሄዱ። ፓርላማው ውስጥ ራሱ የባቡር አክሲዮን ያላቸው እንደራሴዎች ሞልተዋል። ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው የግላድስተን አባትም የባቡር አክሲዮን ባለቤት መሆኑ ነው። ፒል ከኩባንያዎቹ ጋር ጦርነት ውስጥ መግባት አልፈለገም፤ ወጣቱ ሚኒስትር ብዙ ነገር ለመተው ተገደደ። የመግዛት ሥልጣኑ ወደ 21 ዓመት ተገፋ፤ የሚመለከተውም ከዚያ ወዲህ የሚፈቀዱ አዳዲስ መስመሮችን ብቻ ሆነ። ቀድሞ የተዘረጋው አመለጠ።

ያልለቀቀው ነገር ግን ነበር። ኦገስት 9 ቀን 1844 የጸደቀው አዋጅ እንዲህ ይላል፦ የመንገደኛ ባቡር ያለው ኩባንያ በየሥራ ቀኑ ቢያንስ አንድ ርካሽ ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ ያንቀሳቅስ። ባቡሩ በየጣቢያው ይቁም። ፍጥነቱ መቆሚያውን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት ከ12 ማይል፣ ማለትም ከ19 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አይነስ። ዋጋው በማይል ከአንድ ፔኒ አይብለጥ። ተሳፋሪው እስከ 56 ፓውንድ፣ 25 ኪሎ ገደማ፣ ጓዝ በነፃ ይያዝ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም፤ እስከ 12 ዓመት ያለው ግማሽ ይከፍላል። እና ዋናው፦ መቀመጫ ይኑረው፣ ተሳፋሪውም ከዝናብና ከብርድ የተጠበቀ ይሁን።

በሒሳብ እንየው። ከለንደን እስከ ብሪስቶል 118 ማይል ገደማ ነው። እነዚያ ድንጋይ ጠራቢዎች የሄዱበት መስመር ነው። በአዲሱ ሕግ ሙሉው መንገድ 118 ፔኒ፣ ከግማሽ ፓውንድ በትንሹ ያነሰ ማለት ነው፤ ጊዜው ቢበዛ አሥር ሰዓት። ለድሃ ዛሬም ቀላል ገንዘብ አይባልም ነበር። ግን ጣሪያ አለው፤ ደግሞም ዋጋውን ኩባንያው እንደፈለገ አይቆልለውም።

ኩባንያዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ሕጉን አከበሩ፤ በተንኮል። ሕጉ በቀን አንድ ባቡር ይላል እንጂ በስንት ሰዓት አይልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ርካሹን ባቡር ሰው በማይፈልግበት ሰዓት፣ ሌሊት ወይም ገና ጎህ ሲቀድ፣ አስነሡት። ፈጣኑን ባቡር ለማሳለፍም በየቦታው ያቆሙታል። ሕዝቡ የፓርላማ ባቡር ብሎ ሰየመው፤ ከዓመታት በኋላ በ1885 ለንደን ላይ በታየው ሚካዶ በተባለ የሙዚቃ ቴአትር ሳይቀር መቀለጃ ሆነ። ስሙ ዛሬም አልጠፋም። መስመሩን በይፋ መዝጋት ጣጣ ስላለው ብቻ በሳምንት አንዴ ባዶውን የሚሄድ ባቡር ካለ እንግሊዞች እስካሁን በዚያው ስም ይጠሩታል።

ያም ሆኖ ነገሩ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ድሃው በብዛት መጓዝ ጀመረ፣ ኩባንያዎቹም ከብዙ ሰው የሚሰበሰብ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ገንዘብ መሆኑን አወቁ። በ1872 ሚድላንድ የተባለው ኩባንያ በሁሉም ባቡሮቹ ላይ ሦስተኛ ማዕረግ ፈቀደ፤ በ1875 ደግሞ ሁለተኛውን ማዕረግ ጭራሽ አስቀረው። ተፎካካሪዎቹ ተናደው ነበር፤ በኋላ ግን ተከተሉት። መንግሥት መስመሮቹን የመግዛቱ ጉዳይ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። 21 ዓመቱ በ1865 ሲደርስ ግላድስተን የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ጉዳዩን አነሣው፤ ጥናት ተደረገ፤ የአጥኚው ኮሚሽን አብላጫ አባላት አያስፈልግም አሉ። የእንግሊዝ ባቡር የመንግሥት የሆነው ጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ነው፤ ያውም በሌላ ሕግ።

ግላድስተን ራሱ በ1845 መጀመሪያ በአየርላንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ድጎማ ጉዳይ ከፒል ካቢኔ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ረጅም ነው፤ ሁሉንም አንዘረዝርም። ባቡር ግን ተከትሎታል። በሜይ 1862 የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ለንደን ላይ ሊጠናቀቅ ሲል፣ ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር ሆኖ ለሙከራ ተሳፍሯል። ፎቶው አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ባለ ረጃጅም ባርኔጣ መኳንንት በክፍት የሥራ ፉርጎ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ጣሪያ የለውም! በ1879 ደግሞ ከሊቨርፑል ወደ ኤደንበርግ በባቡር ሲሄድ በየጣቢያው ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረገ። እንዲህ ያለ የምርጫ ቅስቀሳ ለእንግሊዝ አዲስ ነገር ነበር። በ1880 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1883 መንግሥቱ ባወጣው ሌላ አዋጅ በማይል ፔኒና ከዚያ በታች ከሚከፈል ትኬት ላይ የመንግሥት ቀረጥ ተነሣ፣ ኩባንያዎችም ለሠራተኛው ጠዋትና ማታ ርካሽ ባቡር እንዲያቀርቡ ተገደዱ። በዚህኛው ሕግ ላይ ሰዓቱ አልተረሳም።

ከእኛ አገር ጋር ያለውን ነገርም እናንሣ። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ዙላ ላይ ከባሕር ዳርቻ ወደ መሐል አገር ከ10 ማይል በላይ ሐዲድ ዘርግቶ ነበር፤ ዕቃ ማመላለሻ። ዘመቻው ሲያልቅ ሐዲዱን ነቅሎ ሄደ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስም ተጭኖ ሄደ። ያን ዘመቻ ያዘዘው የግላድስተን መንግሥት አይደለም፤ እሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። በጁን 1871 ግን የወርቁ ዘውድና ጽዋ ነገር ፓርላማ ላይ ሲነሣ ቅርሱ መምጣቱ በጣም እንደሚያሳዝነው፣ መመለስ እንዳለበትም ተናገረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነው ይህን ያለው። ዘውዱና ጽዋው እስካሁን ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። እንዲሁ ጨዋ ነበር ብለን እንዳናልፍ ደግሞ፣ በ1884 ከአፄ ዮሐንስ ጋር የምፅዋን ወደብ የሚመለከት ውል የፈረመው፣ በ1885 መጀመሪያም ጣሊያን ምፅዋን ስትይዝ ዝም ያለው የእሱ መንግሥት ነው። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን።

ለመጨረሻ ጊዜ ሥልጣን የለቀቀው በ1894፣ በ84 ዓመቱ ነው። ሜይ 19 ቀን 1898 ዌልስ ውስጥ ሃዋርደን በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። አስከሬኑ በባቡር ወደ ለንደን መጣ፤ ከዚያም በምድር ውስጥ ባቡር መስመር ዌስትሚንስተር ጣቢያ ደረሰ። ሕዝቡ ለሁለት ቀን በዌስትሚንስተር አዳራሽ ተሰልፎ ተሰናበተው፣ ሜይ 28 ቀን ተቀበረ። አዳራሹ ያለው እነዚያ ድንጋይ ጠራቢዎች ሲሠሩት በነበረው ግቢ ውስጥ ነው።