ጋውስና የጠፋችው ሴሬስ

ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ በ1777 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለከፍተኛ ትምህርት ያበቃው የአገሩ መስፍን ይሰጠው የነበረው ድጎማ ነው። ስለ ልጅነቱ የሚወራው ብዙ ስለ ሆነ እንለፈውና፤ ስሙ በአውሮፓ ወደ ተሰማበት ወደ 1801 እንምጣ።

በዚያ ዓመት ጃኑዋሪ 1 ቀን ጁሴፔ ፒያትሲ የሚባል ቄስ በሲሲልያ ደሴት በፓሌርሞ ሆኖ ሰማይን ሲመለከት፤ በከዋክብት መካከል ቦታዋን የምትለውጥ አንዲት ትንሽ ብርሃን አየ። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ተከታተላት፤ ከዚያ እርሱ ታመመ፤ እርሷም ወደ ፀሐይ ተጠግታ ተሰወረች። በሰማይ ላይ ስትሄድ የታየችው ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሴሬስ የተባለችውን ይህችን አካል እንደገና ለማግኘት፤ ከዚህች ቅንጣት ጕዞ ተነሥቶ ሙሉውን መንገድ ማስላት ግድ ሆነ።

አንዳንዶቹ ሊቃውንት መንገዷ ክብ ነው ብለው አሰሉ፤ ጅራታም ኮከብ ትሆናለች ያሉት ፓራቦላን ሞከሩ፤ የ24 ዓመቱ ጋውስ ግን የሞላላነቱን መጠን አስቀድሞ ሳይወስን ሞላላ መንገድ አወጣ። በአጭር ርቀት ላይ ልዩ ልዩ ኩርባዎች ተቀራርበው ይተኛሉ፤ ወራት ሲያልፉ ግን ይለያያሉ። እርሱ ያመለከተው ስፍራ ከሌሎቹ ግምት በብዙ ዲግሪ የራቀ ነበር። በዲሴምበር 1801 ፎን ትሳኽ፤ በጃኑዋሪ 1 ቀን 1802 ደግሞ ኦልበርስ፤ ሴሬስን እዚያው አጠገብ አገኟት።

አንድ ተጠራጣሪ ጓደኛችን ተነሥቶ፤ ለክብ መንገድ አራት ቍጥር ሲበቃ ሞላላው ስድስት ይፈልጋል፤ ታዲያ ብዙ ቍጥር እንደ ልቡ የሚያዛውር ሰው ለነጥቦቹ ቢቀርብ ምን ያስደንቃል ቢል፤ እውነት አለው። ክብ ራሱ አንድ ዐይነት ሞላላ ስለ ሆነ፤ ሞላላው በእጅ ባሉት ነጥቦች ፈተና በክቡ ሊሸነፍ አይችልም። እንግዲህ የጋውስ ድል የክረምቱን ነጥቦች መቅረቡ አይደለም፤ ስሌቱ ሲሠራ ገና ያልታየችውን የዲሴምበርን ነጥብ ማግኘቱ ነው።

መቅረብስ በምን ይለካል? ልዩነቶቹን ዝም ብሎ መደመር አይበጅም፤ ትርፉና ጕድለቱ ይጣፋልና። ቦስኮቪች በ1757 የመደመርና የመቀነስ ምልክታቸውን ትቶ መጠናቸውን ብቻ ደመረ። በ1805 ፈረንሳዊው ሌዣንድር፤ እያንዳንዱን ልዩነት ራሱን በራሱ አባዝቶ ድምሩ ትንሹ እንዲሆን ማድረግን አሳተመ። በዚህ መንገድ 2 የሳተው 4 ሲቈጠርበት፤ 10 የሳተው 100 ይቈጠርበታል። (በቤተ ሙከራ በማስመሪያ ገምቶ መሥመር ለሚያሰምርና እምቢ ያለችውን ነጥብ በላጲስ ለሚያጠፋ ይህ የሚመች ሕግ አይደለም።)

ጋውስ በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘዴ ከ1795 ጀምሮ ይሠራበት እንደ ነበረ ጻፈ። ሌዣንድር ተቈጣ፤ ቍጣውም ብዙ ዓመት ቈየ። እኔ ከሌዣንድር ጋር ነኝ፤ በመሳቢያ ተቈልፎ የተቀመጠ ዕውቀት ለማንም አልጠቀመም።

ይሁን እንጂ ለተጠራጣሪው ጓደኛችን መልስ የሰጠው ጋውስ ነው። በ1823 ባወጣው ጽሑፍ፤ የስሕተቱን መጠን ለመገመት የተባዛው ልዩነት ድምር በልኬቶቹ ብዛት ሳይሆን፤ ከልኬቶቹ ላይ የሚፈለጉት ቍጥሮች ተቀንሰው በሚተርፈው እንዲካፈል አሳየ። 20 ልኬት ቢኖር፤ ስድስት ቍጥር የሚፈልገው ለ14 ይካፈላል፤ አራት የሚፈልገው ግን ለ16። ስለዚህ በሁለት ተጨማሪ ቍጥር የተገዛው ቅርበት ዋጋውን ይከፍላል፤ ድምሩ በጥቂቱ ብቻ ከቀነሰ ባለ ስድስቱ በባለ አራቱ ሊበለጥ ይችላል።

ጋውስ ከ1807 ጀምሮ የጌቲንገንን የከዋክብት መመልከቻ እየመራ ኖሮ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1855 ሞተ። ዛሬ በክፍል የምንማረው ሪግሬሽን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ፤ ከእንግሊዛዊው ከጋልተን ነው።