ሣጥን ሠሪው ቄስ፤ የአባ ዳሚያን ሕይወት



ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሣጥን ይመጣል፣ ቀባሪ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ስለ ለመድነው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ እንረሳዋለን። ይህን ሁሉ ያጡ ሰዎች ዘንድ ሄደው፣ መጋዝና መዶሻ ይዘው በገዛ እጃቸው ሣጥን ይሠሩ የነበሩ አንድ ቄስ ነበሩ። አባ ዳሚያን ይባላሉ። የክርስቲያን ፍቅር በየቀኑ ሲኖሩት ምን እንደሚመስል ያሳያሉና ታሪካቸውን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባ ዳሚያን በ1840 ቤልጅየም አገር፣ ትሬሜሎ በምትባል መንደር ተወለዱ። ቤተ ሰብ ያወጣላቸው ስም ዮሴፍ ነበር። አባታቸው ገበሬና እህል ነጋዴ ስለ ነበሩ ልጃቸውን ለንግድ ያስቡት ነበር። እሳቸው ግን በ1859 ታላቅ ወንድማቸውን ተከትለው ከአንድ የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ገቡ። ወንድምየው ወደ ሐዋይ ደሴቶች ለስብከት ሊላክ ተዘጋጅቶ ሳለ በተስቦ ታመመ። ታናሹም በሱ ፋንታ ለመሄድ ለመኑና ተፈቀደላቸው። በ1864 ሆኖሉሉ ደረሱ፤ ቅስናም የተቀበሉት እዚያው ነው።

በዚያ ዘመን ሐዋይ ውስጥ ሥጋ ደዌ ተስፋፍቶ ነበር፤ ፈዋሽ መድኃኒትም አልነበረውም። መንግሥቱ በ1865 ሕግ አወጣና ከ1866 ጀምሮ በሽተኞቹን ከየቤታቸው እየለቀመ ሞሎካይ ወደምትባል ደሴት ማጋዝ ጀመረ። ቦታው በሦስት ወገን ባሕር፣ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ገደል ነው። ብዙ ባል ከሚስቱ፣ ብዙ እናት ከልጇ ተለየች።

ጳጳሱ ወደዚያ የሚሄድ ቄስ ሲፈልጉ አባ ዳሚያን በፈቃዳቸው ተነሡና በግንቦት 1873 ሞሎካይ ገቡ። ዕድሜያቸው 33 ነበር። ቤት ስላልነበራቸው የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያደሩት ዛፍ ሥር ነው። ዕቅዱ አራት ቄሶች እየተፈራረቁ እንዲያገለግሉ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሄዱ ቀሩ።

እዚያ ሲደርሱ ያዩት ነገር ልብ የሚሰብር ነበር። የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ሣጥን፣ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ይቀበራል። ታዲያ አባ ዳሚያን ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ሣጥን ሠሩ፣ መካነ መቃብሩን አጠሩ። በዘመናቸው የሠሩት ሣጥን በመቶ የሚቆጠር ነው። የሰፈሩ ሰዎችም የቀብር ማኅበር ነበራቸው፤ ሬሳውን ከበሮ እየመቱ በሰልፍ ይሸኙት ነበር። ይህማ የኛው ዕድር ነው እንዴ ያሰኛል።

ነገሩ ግን በቀብር አላበቃም። ሰው በክብር እንደሚቀበር ያወቀ በሽተኛ፣ በሕይወቱም እንደ ሰው መቆጠር ይፈልጋል። አባ ዳሚያን ቁስል አጠቡ፣ ቤት ሠሩ፣ ውሃ በቧንቧ እንዲመጣ ደከሙ፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰበሰቡ። የቁስሉ ሽታ ሲከብዳቸው ፒፓ ያጨሱ ነበር እንጂ ፊታቸውን አላዞሩም። ከበሽተኞቹ ጋር ካንድ ሳሕን በሉ። ሲሰብኩም ገና ጤነኛ ሳሉ ራሳቸውን ከበሽተኞቹ ጋር ቆጥረው እኛ ይሉ ነበር።

እንከን የለሽ ሰው አልነበሩም። ግትርና ቁጡ ነበሩ፤ ከአለቆቻቸውም ከጤና ሹማምንትም ጋር ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ብቸኝነቱም ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ የማኅበራቸው አለቃ በመርከብ ሲመጡ ከመርከቡ እንዲወርዱ አልተፈቀደም፤ አባ ዳሚያንም ወደ መርከቡ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ስለዚህ ታንኳ ላይ ሆነው ወደ ላይ እየጮኹ ኃጢአታቸውን ተናዘዙ።

በ1884 መጨረሻ እግራቸውን የፈላ ውሃ አቃጠላቸው፤ ቆዳው ሲላጥ ሕመም ግን አልተሰማቸውም። በሽታው እንደ ያዛቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ቢሆንም ሥራቸውን አላቆሙም። ሚያዝያ 15 ቀን 1889 በ49 ዓመታቸው ዐረፉና መጀመሪያ ባደሩበት ዛፍ ሥር ተቀበሩ። በ1936 ዐፅማቸው ወደ ቤልጅየም ተወሰደ፤ በ2009 ቤተ ክርስቲያናቸው ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው። ሥጋ ደዌም ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሆኗል።

እንግዲህ እኛስ? እኛም አገር የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ከጎረቤት ተለይቶ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ቀብር ላይ ማንም አይችለንም፤ መዋጮውም ይከፈላል፣ ቅጣቱም ይፈራል። ነገር ግን ያ የቀበርነው ሰው ስድስት ወር አልጋ ላይ ሲተኛ ስንቶቻችን በሩን አንኳኳን? ክርስቲያንም እንበል ሌላ፣ ፍቅር የሚፈተነው ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት ነው። አባ ዳሚያን ሣጥኑን የሠሩለትን ሰው ቀድሞ ቁስሉን አጥበውለታል። ለቀብር የምንሰጠውን ግማሽ ቀን ያህል፣ ታሞ ለተኛ ጎረቤታችን አንድ ሰዓት ብንሰጥ ዕድራችን በእውነት ዕድር ይሆናል።

ከመካከላችን በሞት የተለዩንን ነፍስ ይማር፤ ያለነውንም በጤና ያቆየን።