ዋልት ዲዝኒና የመጫወቻ ስፍራው

ዋልት ዲዝኒ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ ኤልያስ፥ እናቱ ፍሎራ ይባሉ ነበር። እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ማርሰሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደው በእርሻ ሥራ ተቀመጡ። በዚያም ዋልት የቤቱን እንስሶች እያየ ሥዕል መሣል ወደደ። በኋላም ቤተ ሰቡ ወደ ካንሳስ ሲቲ በሄደ ጊዜ፥ ከወንድሙ ከሮይ ጋራ ገና ሳይነጋ እየተነሣ በብርድና በበረዶ ጋዜጣ ያድል ነበር፤ ይህን ሲፈጽምም ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር።

ባደገ ጊዜ የሲኒማ ሥዕል የሚሠራ ትንሽ ማኅበር አቆመ፤ ነገር ግን ገንዘቡ አልቆ በ1923 ዓ.ም. ከሰረ። ተስፋም ሳይቈርጥ ወደ ሆሊውድ ሄዶ ከሮይ ጋራ ሥራውን እንደ ገና ጀመረ። በ1927 ዓ.ም. ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል በሲኒማ አሳየ፥ ሕዝቡም ወደደው። ዳሩ ግን ጥንቸሉ በውል የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነበረና፥ በሚቀጥለው ዓመት ጥንቸሉንና ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን አጣ። ይህ ኀዘን ትልቅ ትምህርት ኾነለት። በ1928 ዓ.ም. አብ አይወርክስ ከሚባለው ከታመነ ባልንጀራው ጋራ ሚኪ ማውስ የሚባለውን አይጥ ፈጠረ፤ ይህን ግን ለሌላ አሳልፎ አልሰጠም። የሚኪም ስም በዓለም ኹሉ ተሰማ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ስኖው ዋይትና ስለ ሰባቱ ድንኮች የሚናገረውን ረጅም የሥዕል ሲኒማ አወጣ። ሥራው ሳይፈጸም ብዙዎች እንደሚከስርበት ይናገሩ ነበር፤ እርሱ ግን በትዕግሥት ፈጽሞ ብዙ ትርፍ አገኘበት።

ዋልት ኹለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። በዕረፍት ቀን ወደ መጫወቻ ስፍራ ይወስዳቸው ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጠው ሲደሰቱ፥ አባትየው ሥራ ፈትቶ በወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ወላጆችና ልጆች አብረው የሚደሰቱበት ንጹሕ ስፍራ ሊኖር እንደሚገባ አሰበ። በ1951 ዓ.ም. ወደ ዴንማርክ አገር ሄዶ በኮፐንሃገን ከተማ በ1843 ዓ.ም. የተከፈተውን የቲቮሊን አትክልት ስፍራ ጐበኘ፤ ንጽሕናውን፥ አበባውንና መብራቱንም አደነቀ።

ለአሳቡ ግን ብዙ ገንዘብ አስፈለገው። ባንኮች ስላመነቱ በሕይወት መድኑ ላይ ተበደረ፤ ከአንድ የቴሌቪዥን ማኅበርም ጋራ ውል ገባ። ሥራው ቢከሽፍ ለቤተ ሰቡ የሚቀረው ጥቂት ነበረ። አናሃይም በምትባል ከተማም ብርቱካን የተተከለበትን 65 ሄክታር የሚያህል መሬት ገዛ። በ1955 ዓ.ም. ሐምሌ 17 ቀን ዲዝኒላንድ የተባለው ስፍራ ተከፈተ፤ ወጪውም 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ያልተጠራ ሰው በብዛት መጣ፥ የሚጠጣ ውሃም አነሰ። ዋልት ግን ጉድለቱን አይቶ አሳረመ፥ ሕዝቡም መምጣቱን አልተወም።

በዚያ ስፍራ የሲኒማዎቹ ሰዎችና እንስሶች እንዲገኙ አደረገ። ምክንያቱም እንግዳ ከኾነ ነገር ይልቅ፥ ልጅ በሲኒማ ያየውንና የወደደውን ሲያገኝ ፈጥኖ ደስ ይለዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይታሰብ ኾነ። በስኖው ዋይት ቤት ውስጥ በትንሽ ጋሪ የሚሄደው እንግዳ ራሱ እንደ ስኖው ዋይት ይቈጠር ነበርና፥ የእርስዋ ምስል በዚያ አልተደረገም ነበር። ብዙ ሰዎች ግን ይህን ሳያስተውሉ፥ የሚወድዷትን ልጅ ስላላዩ ወዴት እንዳለች ይጠይቁ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ቤቱ በታደሰ ጊዜ ምስሏ ተጨመረ። ሰው የወደደውን በስሙ ጠርቶ የጋበዘ ባለቤት፥ ያን የተወደደውን ሊያሳይ እንደሚገባው ከዚህ ይታወቃል።

ዋልት ግን ስፍራውን ኹሉ በሲኒማ አልሞላውም። የልጅነቱን ከተማ የሚያስታውስ መንገድ፥ ባቡርና በወንዝ የምትሄድ መርከብም አደረገ። በ1963 ዓ.ም. በመኪና ኀይል የሚዘምሩ ወፎችን አሳየ። በ1964 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለተደረገው ትርኢት የዓለም ልጆች በአሻንጉሊት አምሳል አብረው የሚዘምሩበትን ሥራ ሠራ። ከዚህም ሌላ የባሕር ወንበዴዎችን የሚያሳይ ትልቅ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. ታኅሣሥ 15 ቀን ሞተ። ሥራው በ1967 ዓ.ም. ተከፈተ፥ ሰዉም እጅግ ወደደው። ይህ ከሲኒማ የተወሰደ አልነበረም፤ ይልቁንም ሲኒማው ከእርሱ ተወስዶ በ2003 ዓ.ም. ወጣ።

ከሞቱ በኋላ ሰዎች በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኩሌቶቹ የታወቀ የሲኒማ ስም እንግዳን ይጠራል ይላሉ። እኩሌቶቹም በታወቀ ስም ብቻ የሚታመን ሠራተኛ አዲስ ነገር ማሰብን ይተዋል ይላሉ። ሌላም አደጋ አለ፤ ጨዋታው የሲኒማውን ነውር ይወርሳል። በ1946 ዓ.ም. የዋልት ማኅበር ያወጣው አንድ ሲኒማ፥ ከባርነት በኋላ የነበረውን የጥቍር አሜሪካውያን ኑሮ ከእውነት አርቆ ያለ መከራ የኾነ አስመስሎ አሳየ። በ1989 ዓ.ም. ከዚህ ሲኒማ እንስሶች አንድ ትልቅ ጨዋታ ተሠራ፤ ብዙ ልጆችም ወደዱት። ነገር ግን ስለ ሲኒማው ነቀፋ በ2023 ዓ.ም. ተዘጋ፥ በሌላም ተለወጠ።

ከዚህ ሰው ታሪክ የሚገኘው ምክር ይህ ነው። የታወቀ ስም እንደ በር ነው፤ እንግዳው በእርሱ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን የሚያስቀምጠው የቤቱ ንጽሕናና የሠራተኛው ትጋት ነው። ዋልት ዲዝኒ ሚኪ ማውስን በበሩ ቢያቆምም፥ ከበሩ በስተውስጥ መሥራትን አልተወም። እንዲሁም አባቱ የተመሰገነ ልጅ በአባቱ ስም ይከበራል፤ ክብሩ የሚጸናው ግን በራሱ ሥራ ነው።