እቴጌ መነን አስፋው፦ የአሥር ልጆች እናትነትና የቤት አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ማለዳ በምኒልክ አደባባይ የሚያልፍ ሰው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅጥር አጠገብ ዘወትር የማይጠፋ ነገር ያያል። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ የምትመጣ እናት ደጁን ትሳለማለች፤ ጥቂት ቆማ ትጸልያለች፤ ከዚያም እየተጣደፈች ትመለሳለች። ቤቷ ያልተጋገረ እንጀራ፣ ያልታጠበ ልብስ፣ ለትምህርት ቤት ያልተዘጋጀ ልጅ ይጠብቃታል። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ በንስሓ አባታቸው ፊት የሚያቀርቡት ኀዘን አንድ ነው። ልጅ ማሳደጉና ቤት መምራቱ ከጸሎት እንዳራቃቸው፣ እግዚአብሔርንም እንደሚገባ እንዳላገለገሉ ይናገራሉ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህን ኀዘን ስናስብ በዚያው ካቴድራል ዘውድ የደፉ አንዲት እናት ትዝ ይሉናል፤ እቴጌ መነን አስፋው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን አልቈጠረቻቸውምና የምንጽፈው ገድል አይደለም። አሥር ልጆች ወልደው፣ ሰፊ ቤት መርተው፣ ከልጆቻቸው ሦስቱን በሕይወት ሳሉ ቀብረው፣ እስከ መጨረሻው በሃይማኖታቸው የጸኑ የአንዲት ምእመን ታሪክ ነው።

በግሸን አገር

እቴጌ መነን የተወለዱት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በወሎ አምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው የአምባሰል ገዥ ነበሩ፤ ጃንጥራር የሚለውም ማዕርግ የዚያ አገር ባላባቶች የቆየ መጠሪያ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። አምባሰል ደግሞ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የግሸን ደብረ ከርቤ አገር ናት። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው ወደ አምባዋ ሲወጡ በሚታይበት ምድር ያደገች ልጅ፣ ሃይማኖትን ከመጽሐፍ አስቀድማ በዓይኗ ትማራለች። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። በዚያ ስም የተጠመቀችው ሕፃን ከብዙ ዘመን በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዘውድ እንደምትጭን በጊዜው ማንም አላሰበም።

የመኳንንት ሴት ልጆች በዚያ ዘመን ገና በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር፤ ጋብቻውም ከሙሽሮቹ ፈቃድ ይልቅ የሁለት ቤቶች ስምምነት ነበር። ወይዘሮ መነንም በልጅነታቸው ተዳሩ፤ ከአንዱ ትዳር ወደ ሌላው የተሸጋገሩትም በዘመዶቻቸው ውሳኔ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ትዳሮቻቸው ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ወለዱ። በሐምሌ ወር 1903 ዓ.ም. በአጎታቸው በልጅ ኢያሱ አማካይነት የሐረርጌ ገዥ ለነበሩት ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ሲዳሩ፣ ገና ወጣት ሆነው ሳሉ የአራት ልጆች እናት ነበሩ። ይህ ጋብቻ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ከ50 ዓመት በላይ ጸና።

ስድስት መቶ ቀናት

ከደጃዝማች ተፈሪ ስድስት ልጆች ተወለዱ፤ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ። ከቀደሙት ጋር አምስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ሆኑ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናቲቱም እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። ለአምስት ወንዶች 200፣ ለአምስት ሴቶች 400 ቀናት ናቸው። አሥር ልጆች የወለደች እናት በሥርዓቱ መሠረት 600 ቀናት ከቤተ መቅደስ ውጭ ትቆያለች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ዘመን የጠፋ ዘመን አድርጋ አትቈጥረውም፤ በፍጻሜው ልጅን ወደ ጥምቀት የሚያደርስ መንገድ ነውና። ልጇን እያጠባች የምትቆይ እናት በእያንዳንዱ ቀን አንድ ነፍስ ወደ ክርስቶስ እያቀረበች ነው።

የመኳንንት ቤት በዚያ ዘመን ምን እንደሚመስል ማስታወስ ይገባል። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊና የራሱ ሠራተኛ ነበረው። ከጕልት የሚገባው እህል፣ ማርና ቅቤ ተቀብሎ፣ ተለክቶና ተቀምጦ ለዓመት መድረስ አለበት። ግብር በሚገባበት ቀን በመቶዎች የሚቈጠር ሰው ይበላል። ደጅ ጠኚው፣ መነኵሴው፣ ድኻው፣ የሩቅ ዘመዱ ሁሉ በር ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ በእመቤቲቱ ስም ይጠራል፤ ቢጐድልም የምትወቀሰው እርሷ ናት።

በዚህ ላይ ቤቱን የሚገዛው የጾሙ ሥርዓት አለ። ሰባቱ አጽዋማት፣ ረቡዕና ዓርብ በደረሱ ቍጥር ቅቤውና ሥጋው ቀርቶ ማጀቱ ወደ ሽሮና ወደ ክክ ይመለሳል። ጾም የሚጀመረው ከሰባት ዓመት ነውና ለሕፃናቱ ወተት፣ ለአደጉት የጾም ምግብ በአንድ ቤት በሁለት ወገን ይዘጋጃል። ይህን ዛሬ በአንዲት ክፍል ቤት የምትኖር እናትም ታውቀዋለች። ለአንዱ ልጅ እንቁላል ጠብሳ፣ ለሌላው እስከ ስድስት ሰዓት ታገሥ ስትል፣ ራሷ ሳትቀምስ ትውላለች።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። እቴጌ መነን ሞግዚትና አገልጋይ ነበሯቸው፤ ለእኛስ ማን አለን ይላል። ጥያቄው እውነት ነው፤ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ልጅ የሚያዝል ሰው በቤታቸው ነበረ። ይሁን እንጂ አገልጋይ የቤትን ሸክም ያቀልላል እንጂ የእናትን ልብ ሊሸከምላት አይችልም። ቀጥሎ የምንተርከውም ይህን ያሳያል።

በአንድ ቤት ደስታና ልቅሶ

አስፋ ወሰን የተወለዱት በሐምሌ ወር 1908 ዓ.ም. ነው። ሕፃኑ ሁለት ወር ሲሆናቸው፣ በመስቀል በዓል መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የተሻሩት የወይዘሮ መነን አጎት፣ የከበሩት ደግሞ ባላቸው ናቸው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። ለባል ቤት እልልታ የሆነው ዜና ለእናት ቤት ልቅሶ ነበር። በመካከሉ የሦስት ወር ሕፃን የምታጠባ እናት አለች። ትዳራቸው ግን በዚያ ፈተና አልፈረሰም፤ ልጆችም ተጨመሩ። ለሁለት ወገን ጠብ መካከል ሆና ልጆቿን ያለ ቂም የምታሳድግ እናት ሁሉ ይህን ፈተና ታውቀዋለች።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነገሡ። በዋዜማው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት ከካቴድራሉ ፊት ተመርቆ ስለ ነበር አደባባዩ ሁሉ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር። እቴጌ መነንም በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። የዓድዋን ድል ለማሰብ በተሠራው፣ የክርስትና ስማቸውን ባገኙበት ሰማዕት ስም በሚጠራው ቤተ መቅደስ ወለተ ጊዮርጊስ እቴጌ ሆኑ። በዚያ ቀን አስፋ ወሰን 14፣ ፀሐይ 11 ዓመታቸው ነበር። የመጨረሻው ልጅ ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ ተወለዱ።

እቴጌ ከሆኑ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የሚጠራው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ልጃገረዶችም በአዳሪነት ተማሩበት። ልጅነታቸው በጋብቻ የተቋረጠባቸው እናት ለሌሎች ልጆች የመማሪያ ዘመን እንዲኖራቸው ማድረጋቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በቤታቸው ግን የዘመኑ ልማድ ገና አልተሻረም ነበር። ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በለጋ ዕድሜዋ ወደ ትግራይ ተዳረች፤ በመጋቢት ወር 1925 ዓ.ም.ም መቐለ ላይ አረፈች። እናቲቱ ራሳቸው የተጓዙበት መንገድ ልጃቸውን አልመለሰም። ይህን የምንጽፈው ለመፍረድ ሳይሆን፣ ልማድ ከወላጅ ፍቅር በላይ ሲበረታ ምን እንደሚያስከፍል ወላጆች ሁሉ እንዲያስቡት ነው።

ዘውዱ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣዊው ቤተሰብ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ቅድስት አገር ተሰደደ። ቤተ መንግሥቱ፣ ማጀቱ፣ ግምጃ ቤቱ ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ። በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በነበረው ብርድ መካከል የእቴጌይቱ ጤና ስለ ታወከ፣ ከስደቱ ዘመን ብዙውን በኢየሩሳሌም አሳለፉ። በአገር ቤት ያለው ወሬ ከባድ ነበር። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባን በደም ሲያጥቡ ዘውድ የጫኑበትን የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል በእሳት አቃጠሉ። በዚያው ወር የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በጠላት እጅ ተገደሉ። የልጅ ልጆች አባት አልባ ሆኑ።

እቴጌ መነን በዚህ ጊዜ በቤተ ልሔም፣ በጌታችን የልደት ቤተ ክርስቲያን፣ ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ። ኢትዮጵያ ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለዚያ ቦታ ሊሰጡ ቃል ገቡ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ስእለታቸውን አልዘነጉም፤ በንግሥ ዕለት የጫኑትን ያንኑ ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ላኩ። ጌታችን የተወለደው ስፍራ ባልተገኘለት በረት ነው። ቤት አልባ ሆና ልጇን በግርግም ላስተኛች እናት፣ ቤቷን ያጣች ሌላ እናት ዘውዷን ሰጠች።

ስእለቱን የፈጸሙ እናት ግን ከመከራ አልተጠበቁም። ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር። ከተመለሱና ከተዳሩ በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ፣ ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። አሥር ጊዜ ከምጥ የዳኑት እናት ልጃቸውን በምጥ አጡ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላም፣ በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም.፣ ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እቴጌ መነን በእነዚህ ዓመታት ድኾችን መርዳትን፣ አብያተ ክርስቲያናትን ማሠራትንና ገዳማትን መደገፍን አልተዉም። በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የኢትዮጵያውያን ገዳም አሠሩ፤ ለአዲሱ የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም ከራሳቸው ገንዘብ ሰጡ፤ ፍጻሜውን ሳያዩ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ። የተቀበሩት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ለእኛ የሚቀረው

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋና ነገር ቤትም ልጅም አደራ መሆናቸውን ነው። እቴጌ መነን ማጀታቸውን በአንድ ቀን ትተው ወጥተዋል፤ ዘውዳቸውን ሰጥተዋል፤ ልጆቻቸውን ቀብረዋል። አደራ መሆኑን ያወቀ ሰው በሚሠራበት ጊዜ ይተጋል፤ ሲወሰድበትም ባለቤቱን አይከስስም።

ስለዚህ፣ ልጅ አዝላ ደጁን ተሳልማ የምትመለስ እናት ሆይ፣ ከእግዚአብሔር ርቄአለሁ አትበዪ። ሊጡን ስታቦኪ በስመ አብ ብለሽ ጀምሪ፤ ልጅሽን ስታጥቢ አባታችን ሆይ አስተምሪው፤ የጾሙን ቀን በማጀትሽ አስታውሺ። ማርታ የተገሠጸችው በሥራዋ አልነበረም፤ በብዙ ነገር በመጨነቋ ነው።

አባት ሆይ፣ አንተም ስማ። በመኳንንት ቤት የሃምሳ ሰው ሥራ የነበረው ዛሬ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ወድቋል። እሑድ ጠዋት ሕፃኑን አንተ ታቀፍ፤ ቁርሱንም አንተ አቅርብ፤ እርሷ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ትቁም። ትልልቆቹንም ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳትል፣ ሥራ አካፍላቸው። ይህን ሳያደርግ ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች ብሎ የሚያማርር ባል ጥፋቱን በራሱ ይፈልግ።

የእናቶቻችንን ድካም የሚያውቅ አምላክ፣ በእናቱ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤቶቻችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።