አርኖልድ ታይለር፡ የከብትን ሕመም ከግጦሹ መሬት የፈለጉት ሐኪም

በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በደቡብ ሱዳን የሚኖሩ ከብት አርቢዎች አብዝተው የሚፈሩት አንድ በሽታ አለ። ቡናማው የጆሮ መዥገር የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ ‘የኢስት ኮስት ትኩሳት’ ይባላል። ዕጢ ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ በተለይም ጥጆችን ይፈጃል። አምጪው ጥገኛ ተሕዋስ በሳይንሱ ዓለም ታይለሪያ ፓርቫ ተብሎ ይጠራል። መጠሪያውን ያገኘው በደቡባዊ አፍሪካ ለእንስሳት ሕክምና ምርምር መሠረት ከጣሉት ስዊዘርላንዳዊ፣ ከአርኖልድ ታይለር ነው።

ታይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ፍሪክ በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። በበርንና በዙሪክ የእንስሳት ሕክምና ተምረው በ1889 ተመረቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ። ዕድል ግን በበጎ አልተቀበለቻቸውም። በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ትልቅ እርሻ ተቀጥረው ሲሠሩ የመኖ መቁረጫ ማሽን ግራ እጃቸውን ቆረጠው። የ24 ዓመቱ ወጣት ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በ1893 በጆሃንስበርግ አካባቢ ፈንጣጣ ሲገባ ክትባት አዘጋጅተው አቀረቡ፤ ስማቸውም መታወቅ ጀመረ።

ከሰሜን የወረደው መቅሠፍት

ታይለርን ወደ መንግሥት ሥራ ያስገባቸው መነሻው አፍሪካ ቀንድ የሆነ መቅሠፍት ነው። ‘ደስታ’ እየተባለ የሚጠራው የከብት ወረርሽኝ በ1887 ገደማ በምፅዋ በኩል ገባ። በኢትዮጵያ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደገደለ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበትና ‘ክፉ ቀን’ ተብሎ የሚታወሰው ረሃብ መጣ። ወረርሽኙ በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች መንጋ ውስጥ እየተዛመተ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በ1896ም ዛምቤዚን ተሻግሮ ደቡባዊ አፍሪካን አጥለቀለቀ።

በዚያው ዓመት የትራንስቫል መንግሥት ታይለርን የእንስሳት ሐኪሙ አድርጎ ሾማቸው። ከእንግሊዛዊው ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ ጋር ባደረጉት ሙከራ፣ ካገገመ ከብት ደም የሚገኘው ሴረም ጤነኛውን ከበሽታው ሊከላከል እንደሚችል አሳዩ።

ከእንግሊዞችና ከቦሮች ጦርነት በኋላ ታይለር ለአዲሱ የብሪታንያ አስተዳደር መሥራታቸውን ቀጠሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የኢስት ኮስት ትኩሳት በዚያን ጊዜ እየተስፋፋ ነበር። ታይለር ይህ ሕመም ቀድሞ ከሚታወቀው ሌላ የመዥገር ወለድ በሽታ የተለየ መሆኑን አረጋገጡ፤ በ1904ም አምጪውን ተሕዋስ ገለጹ። በ1908 ከፕሪቶሪያ በስተሰሜን በኦንደርስተፖርት የተከፈተውን የምርምር ተቋም የመሩትም እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ ሳይንስ የተወለደው የመከላከያ እርምጃ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ከብትን አርሴኒክ በተበጠበጠበት ገንዳ የመንከር ግዴታ፣ ክፍያውና የከብት ዝውውር እገዳው በጥቁር አርቢዎች ላይ ከባድ ሸክም ጣለ። በ1914 በምሥራቅ ግሪኳላንድ ዐመፅ እስከ መቀስቀስ ደርሷል።

አጥንት የሚያኝኩ ከብቶች

የታይለርን አስተሳሰብ ከሁሉ በላይ የፈተነው ‘ላምዚክተ’ የተሰኘው በሽታ ነበር። በአፍሪካንስ ቋንቋ ‘ላም’ ማለት ሽባ ማለት ነው። በሽታው የያዘው ከብት እግሩ ይከዳዋል፤ መቆምም መዋጥም ተስኖት ይሞታል። ታይለር ለዓመታት መንሥኤው መርዛማ ዕፅ ሊሆን እንደሚችል ቢጠረጥሩም፣ ያን ዕፅ ሊያገኙት አልቻሉም።

በመጨረሻ መልሱን ያገኙት ፍሬይበርግ አጠገብ፣ ስሙ ‘የድህነት ሜዳ’ የሚል ትርጉም ባለው በአርሙድስፍላክተ እርሻ ነው። በዚያ የሚሰማሩ ከብቶች የሞቱ እንስሳትን አጥንት እየለቀሙ ያኝኩ ነበር። አርቢዎች ይህን ልማድ ከጥንትም ያውቁታል፤ ታይለርና ባልደረቦቻቸው የመረመሩት ግን ለምን እንደሆነ ነው። አፈሩ ፎስፎረስ ያንሰዋል፤ በአፈሩ ላይ የሚበቅለውም ሣር እንደዚያው ነው፤ በተለይ በደረቁ ወራት እጥረቱ ይብሳል። ፎስፎረስ የጎደለው ከብት አጥንት ያምረዋል። በበሰበሰው ቅሪት ውስጥ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚያስከትለውን መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ አለ። ከብቱን የሚገድለው መርዙ ቢሆንም፣ ወደ መርዙ የሚወስደው የሣሩ ጉድለት ነበር።

መድኃኒቱም ከዚሁ ተገኘ። ለከብቶቹ ንጹሕ የአጥንት ዱቄት ሲሰጣቸው አምሮታቸው ቀረ። ከዚህም በላይ ቶሎ አደጉ፤ ላሞቹም የተሻለ ወተት ሰጡ። ታይለር፣ ኬሚስቱ ሄንሪ ግሪንና ፒ. ጄ. ዱ ቶይት ውጤቱን በ1924 አሳተሙ። በዚህም ለከብት ሐኪሞች አዲስ መንገድ ተከፈተ፤ የታመመውን እንስሳ ብቻ ሳይሆን የሚግጠውን ሣርና ሣሩ የበቀለበትን አፈር መመርመር የሕክምናው አካል ሆነ።

ከእርሳቸው በኋላ

ታይለር በ1927 ከኃላፊነታቸው ለቀቁ፤ በ1936ም በለንደን አረፉ። ልጃቸው ገርትሩድ የታወቀች የመዥገር ተመራማሪ ሆነች። ሌላው ልጃቸው ማክስ የቢጫ ወባን ክትባት በማግኘቱ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አባትየው በወጣትነታቸው የታገሉት የደስታ በሽታ ኬንያ ውስጥ በሙጉጋ በተሠራ የተሻሻለ ክትባትና በብዙ አገሮች ዘመቻ ከምድር ገጽ ጠፍቶ፣ በ2011 መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። የእርሳቸውን ስም የያዘው ተሕዋስ ግን ዛሬም የምሥራቅ አፍሪካን ጥጆች ይገድላል። በደረቅ ወራት ከብቱ አጥንት ሲያኝክ የሚያይ አርቢም የሚመለከተው ክፉ ልማድ አይደለም፤ የግጦሽ መሬቱን ጉድለት ነው።