ቢያትሪክስ ፖተር

ሄለን ቢያትሪክስ ፖተር (እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1866 – ዲሴምበር 22 ቀን 1943) እንግሊዛዊት ደራሲ፣ ሠዓሊና ገበሬ ነበረች። በይበልጥ የምትታወቀው የጥንቸሉን የፒተርን ታሪክ ጨምሮ ራሷ ጽፋ ሥዕላቸውንም ራሷ በሠራቻቸው 23 ትንንሽ የልጆች መጻሕፍት ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አሳሳሏን በዋናነት ያዳበረችው እንስሳትንና ዕፅዋትን በትዕግሥት በመመልከትና ደጋግማ በመሳል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቢያትሪክስ ለንደን ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ሩፐርት ፖተር ሕግ የተማረ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት የሚወድና የታዋቂው ሠዓሊ የጆን ኤቨረት ሚሌይ ወዳጅ ነበር። እርሷ ግን ትምህርት ቤት አልተላከችም፤ የተማረችው ቤት ውስጥ በተቀጠሩ ሴት መምህራን ነው። የሥዕል መምህርትም ለጥቂት ዓመታት እየመጣች ታስተምራት ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር።

ከእርሷና በስድስት ዓመት ከሚያንሳት ወንድሟ ከበርትራም ጋር ጥንቸል፣ አይጥ፣ ጃርት፣ እንሽላሊትና የሌሊት ወፍ በቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ልጆቹ በሕይወት ያሉትን እየተመለከቱ ይስሉ፣ የሞቱትንም አንዳንዴ ቀቅለው አጥንታቸውን ይስሉ ነበር። በኋላ በመጻሕፍቷ የሚታዩት እንስሳት ኮት ቢለብሱም ከልብሱ በታች ያለው አካል የእውነተኛ እንስሳ መሆኑ የዚህ ልምምድ ውጤት ነው።

የእንጉዳይ ጥናት

በ1890ዎቹ ፖተር እንጉዳይ በማጥናት ተጠመደች። ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለ ስኮትላንዳዊ ፖስታ አመላላሽና የዕፅዋት አዋቂ ናሙና ይልክላት ነበር፤ እርሷም በማይክሮስኮፕ እየተመለከተች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ሠራች። ስለ እንጉዳይ አበቃቀል የጻፈችው ጥናት በ1897 ለለንደን ሊኒያን ማኅበር ቀረበ። ማኅበሩ በዚያ ዘመን ሴቶችን በስብሰባው ላይ ስለማይቀበል፣ ጽሑፉን በእርሷ ፋንታ ያቀረበው የእንጉዳይ ተመራማሪው ጆርጅ ማሲ ነበር። ጥናቱ ሳይታተም ቀረ። ሥዕሎቿ ግን በትክክለኛነታቸው ስለታወቁ ከ50 የሚበልጡት በ1967 በአንድ የእንጉዳይ መጽሐፍ ውስጥ ታትመዋል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1893 ፖተር ለቀድሞ መምህሯ ልጅ፣ ታሞ ለተኛው የ5 ዓመቱ ኖኤል ሙር፣ ከስኮትላንድ ደብዳቤ ጻፈች። በደብዳቤው የአራት ትንንሽ ጥንቸሎችን ታሪክ በሥዕል አጅባ ነገረችው። በ1900 ደብዳቤውን ከልጁ ተውሳ ገለበጠችና አስፋፍታ ለአሳታሚዎች ላከችው፤ ቢያንስ ስድስቱ አልተቀበሏትም።

ያላግባባቸው አንዱ ነገር የመጽሐፉ መጠንና ዋጋ ነበር። ፖተር ሕፃን በእጁ ሊይዘው የሚችል ትንሽና ርካሽ መጽሐፍ እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ስለዚህ በዲሴምበር 1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ከመክፈቻው ሥዕል በቀር ሁሉም ቀለም አልባ ነበሩ። ቅጂዎቹ ቶሎ ስላለቁ 200 ተጨመሩ።

ቀደም ሲል መልሶባት የነበረው የፍሬድሪክ ዋርን ኩባንያ ሥዕሎቹን በቀለም እንድትሠራና ቁጥራቸውን እንድትቀንስ ጠይቆ ተስማማ። የመጽሐፉ ትንሽነት ግን እርሷ እንዳለችው ቀረ። በኦክቶበር 1902 የወጣው መጽሐፍ ዋጋው 1 ሽልንግ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 8,000 ቅጂዎች ገበያ ላይ ሳይውሉ ተሸጠው አለቁ።

አሠራሯ

በፖተር መጻሕፍት ውስጥ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ከአንድ ሥዕል ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀመው የውኃ ቀለም ነበር። የምትስላቸውን ቦታዎችና ዕቃዎችም በዓይኗ ካየቻቸው ትወስድ ነበር። ለምሳሌ በግሎስተር ከተማ ስለሚኖር ልብስ ሰፊ ለጻፈችው ታሪክ በለንደን ሙዚየም የሚገኙ የ18ኛው መቶ ዘመን ልብሶችን ቀርባ ሣለች። የሰው ቁመናና ፊት መሳል ግን ያስቸግራት ነበር፤ በመጻሕፍቷም ሰዎች ጥቂት ናቸው።

በ1903 የፒተርን አሻንጉሊት በእጇ ሰፍታ በመንግሥት የባለቤትነት መዝገብ አስመዘገበች። በዚህም የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይን ወደ ሽያጭ ዕቃ ከለወጡት ቀዳሚዎች አንዷ ሆናለች።

ሐዘንና የገጠር ሕይወት

በ1905 ከመጻሕፍቷ አርታኢ ከኖርማን ዋርን ጋር ለመጋባት ቃል ተግባቡ። ወላጆቿ ነጋዴ ነው ብለው ተቃወሙ፤ እርሷ ግን ቀለበቱን ተቀበለች። ኖርማን ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በደም ካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት በሰሜን እንግሊዝ በሐይቆቹ አውራጃ ሂል ቶፕ የተባለውን እርሻ ገዛች። ቤቱ፣ የአትክልት ቦታውና መንደሩ ከዚያ በኋላ በወጡት በርካታ መጻሕፍት ሥዕሎች ውስጥ ይታያሉ።

በ1913 ዊልያም ሂሊስ የተባለውን የሕግ ባለሙያ አገባች። ከዚያ በኋላ የዓይኗ ብርሃን እየደከመ፣ የእርሻ ሥራዋም እየበዛ ስለሄደ የምትሥለው ቀነሰ። ሄርድዊክ የተባለውን የአካባቢውን የበግ ዝርያ በማርባትና በማቆየት ታወቀች።

ቅርስ

ፖተር በ77 ዓመቷ አረፈች። ከመጻሕፍቷ ሽያጭና ከውርስ ባገኘችው ገንዘብ የገዛችውን ከ4,000 ኤከር (1,600 ሄክታር ገደማ) የሚበልጥ መሬት ከነእርሻዎቹ ለብሔራዊ ቅርስ ጠባቂው ድርጅት ለናሽናል ትረስት አወረሰች። ሂል ቶፕ ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። የጥንቸሉ ታሪክም በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል።